የእናታችን ባሕር ዛፍ በሦስት ክፍል

ለተከበሩ እኅቴ ለእትዬ ሮማነወርቅ፤
ጎሬ

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን የሚያምዎ ነገር ቀለል አለልዎ ወይ? ጾሙንስ እንዴት ይዘውታል? ልጅዎ ሙሉዬስ ደኅና ናት? እኔና ባለቤቴ ማሪቱ ከናፍቆትዎ በቀር ምንም አልጎደለብንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ ሰበታ ሳሩ ደርቋል፣ ወንዙ ግን ገና አለ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ባለቤትዎ ጋሼ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ጭር እንዳለብዎና ከፋሲካ በኋላ ወደ እናታችን መሬት ለመመለስ እንደቆረጡ ሳነብ ከደስታዬ ብዛት ለማሪቱ ደግሜ አነበብኩላት። ሁለት ነገር አዘውኛል። አንደኛው፣ ቤትዎ ታች ረባዳው ላይ፣ «ያ ጭራሮ የበቀለበት የማይረባ መሬት» ባሉት ላይ እንዲሠራ ነው። ሁለተኛው፣ ከማግባትዎ በፊት በእጅዎ የተከሏቸውን የዳገቱን ባሕር ዛፎች ማንም እንዳይነካብዎ ነው። እኔ ግን መሬቱን ሳልመረምር መጥረቢያ አላነሣም ብዬ ቆየሁ። የደረስኩበት ነገር ከትእዛዝዎ ስለሚለይ እባክዎ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።

የዛፍ ቁመት ብቻ አይቶ በመሬት ላይ መፍረድ አይቻልም። እኔ ሳስተምር አራተኛ ክፍል ውስጥ ፂም ያወጣ ጎረምሳ ከአሥር ዓመት ሕፃን ጋር ይቀመጥ ነበር። ጎረምሳውን አይቶ «ይህ ልጅ ፈጥኖ አደገ» ያለ ሰው አልነበረም፤ ዕድሜው ነዋ! ዛፍም ስንት ክንድ ሆነ ብቻ ሳይሆን በስንት ዓመቱ ተብሎ ይጠየቃል።

ስለዚህ ከየቦታው የሌላ ጥላ ያልተጫናቸውን ረጃጅሞቹን ብቻ መርጬ፣ ጥላቸውን ከከዘራዬ ጥላ ጋር እያስተያየሁ ለካሁ። ማሪቱ «ጡረታ አስወጡት እንጂ ማስተማሩን መች ተወና! አሁን ደግሞ ዛፍ ሊፈትን ነው» እያለች ለሰው ሁሉ ታወራብኛለች። ጎረቤታችን ኦቦ መገርሳ ገመዱን ይዞልኝ ሲዞር ውሎ፣ «አንተ መምህር፣ የወደቀውን ዛፍ ታስደግመዋለህ ወይስ ታባርረዋለህ?» ብሎ አሳቀኝ።

ዕድሜያቸውን ለማወቅ አልተቸገርኩም። የእርስዎ ዛፎች በ1924 ስለተተከሉ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። የረባዳውን እኔና ኦቦ መገርሳ የተከልነው ልጁ ደጊቱ ክርስትና በተነሣችበት ዓመት ነው፤ እሷ አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እነዚያ ጭራሮ ያሏቸው የደጊቱ እኩዮች፣ እትዬ፣ የእርስዎ ዛፎች ትከሻ ላይ ደርሰዋል! የእርስዎዎቹ ግን ጫፋቸው ደርቆ ማደግ ካቆሙ ሰንብተዋል።

በዚህም ሳልረካ አስቆፈርኩ። ዳገቱ ላይ ጉድጓዱ ጉልበት ሳይደርስ ዶማው ቋጥኝ መታ። ረባዳው ላይ ቆፋሪው እስከ ወገቡ ገብቶም አፈሩ አላለቀም፤ በዚህ በበጋ እንኳ እርጥብ ነው። ከዚያ በኋላ ካርታውን ሣልኩ። ረባዳውን አንደኛ ብዬ አረንጓዴ፣ መካከሉን ሁለተኛ ብዬ ቢጫ፣ ዳገቱን ሦስተኛ ብዬ ቀይ ቀባሁት። ኦቦ መገርሳ «እኔ መሬት ስትለካ መስሎኝ! ለካስ ባንዲራ እየሠራህ ነው» አለ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የረባዳው ዛፍ ይደግ፤ አሁን ቢመነጠር ምርጡን መሬት በቤት መያዝ ይሆናል። ደግሞም ሐምሌ ሲገባ ውሃ ስለሚተኛበት ለጉልበትዎ አይሆንም። ቤትዎ ዳገቱ ላይ፣ ቋጥኙ ላይ ይቁም። ምሰሶና ማገሩም ከራስዎ ዛፎች ይሁን።

ይህን ሲሰሙ ሆድዎ እንደሚባባ አውቃለሁ። ሲተክሏቸው ውሃ የማመላልሰው እኔ አልነበርኩም? ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ሦስተኛ ያልኩት መሬቱን ነው እንጂ ዛፎቹን አይደለም፣ የተከላቸውንም እጅ አይደለም። በዚያ ስስ አፈር ላይ ይህን ያህል መቆማቸው ራሱ ያስመሰግናቸዋል። ከዚህ በኋላ ዳገቱ የሚጨምርላቸው ነገር የለም፤ እርስዎ ግን ጣራዎን ሊያሸክሟቸው ይችላሉ።

ያለ ፈቃድዎ አንዱንም አልነካሁም። እንጨቱ ከክረምት በፊት መድረቅ ስላለበት አናጢው የሚጠብቀው የእርስዎን ቃል ብቻ ነው። «ቁረጥ» ብለው ይላኩብኝ። ካርታው ላይ ቀለም ያልቀባሁት አንድ ትንሽ ቦታ አለ፤ ከቀዩ መካከል፣ ወንዙ ቁልቁል ከሚታይበት። እሱ የቤትዎ ቦታ ነው።

ሙሉዬን ዓይኗን ይሳሙልኝ፤ አጎትሽ ናፍቆሻል ይበሏት። ደብዳቤዬን ለሚያነቡልዎ ለጎረቤትዎ ለወይዘሮ ራቢአ ምስጋናዬ ይድረስ። ማሪቱ ጉልበትዎን ትስማለች። ኦቦ መገርሳና ደጊቱም በኦሮምኛ «ነጋ»፣ ሰላም ይሁን፣ ብለዋል።

ታናሽ ወንድምዎ
ተሾመ

ሰበታ፣ የካቲት 20 ቀን 1964 ዓ.ም.