ስፌታቸውን የፈታኋቸው አሥራ ሦስት ክፍሎች

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ አክሊሉ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እግርህስ፣ እንቅልፍህስ፣ የምግብ ፍላጎትህስ? እትዬ ስመኝ ጉልበቷን ተሻላት? የፍቼ ውርጭ ዘንድሮ በርትቷል ሲሉኝ በሐሳብ አንተኑ ብርድ ልብስ ሳለብስ አመሻለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ልጄ ሆሳዕናና ልጆቿም ደኅና ናቸው። ልጆቹ በአማርኛ ስጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል፤ እኔም አስተማሪ ነኝና እስኪያስተካክሉ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጅህ ነቢዩ ደውሎ ሁሉንም ነገረኝ። ከፈረስ ወድቀህ የተሰበረው እግርህ ድኖ፣ ጀሶው ከወጣልህ ሁለት ወር ሆኖህ፣ ክራንቹን ግን አልነካም ብለሃል። ሐኪሙም በዚህ ወር ካልቆምክ ከእንግዲህ መቆም እንደሚያቅትህ ነግሮሃል። አንተ ግን «በአራት እግር ሲሄድ የኖረ ሰው በሦስት አይሄድም» ብለህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዞርክ አሉ። ስሰማው ሳቅኩ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ።

«የእህቴ የወረቀት ፈረሶች» እያልክ የምትቀልድባቸውን መጻሕፍት ታስታውሳለህ። በአጤ ቴዎድሮስ ዘመን አካባቢ እንግሊዞች ልብ ወለድን በየወሩ በቀጭን ክፍል ያሳትሙ ነበር። እኔ የምሰበስባቸው ቀበሮ ለማደን በፈረስ ስለሚጋልቡ ሰዎች የተጻፉትን ነው። በየክፍሉ በእጅ ቀለም የተቀባ ሥዕል አለ። አንባቢው ፈረሰኛው ከአጥሩ ማዶ በደኅና መውረዱን ለማወቅ ወር ሙሉ ይጠብቃል።

የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሦስት ክፍሎች ያገኘሁት እዚሁ ሚኒሶታ ሴንት ሉዊስ ፓርክ በምትባል ከተማ ስኖር፣ የአንድ የሞቱ ጎረቤቴ ዕቃ ሲሸጥ ነው። የሠራሁትን ጥፋት ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየመስከረሙ የተማሪ መጽሐፍ ስጠግን የኖርኩ ነኝና፣ የነተበውን የወረቀት ሽፋን፣ የቦት ጫማና የጥርስ ዱቄት ማስታወቂያውን ሁሉ ገንጥዬ ጣልኩ። ከዚያ አሥራ ሦስቱን በመርፌና በሰም ክር አንድ ላይ ሰፋኋቸው። ደስ ብሎኝ ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር ለሚገኝ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ወስጄ አሳየሁ። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ሽፋኖቹ የት እንዳሉ ጠየቀኝ። አጸዳኋቸው አልኩት። «እመቤቴ፣ ሰብሳቢ የሚፈልገው የጣሉትን ነበር» አለኝ፤ እንዳልደነግጥ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ከዚያ ወዲህ የሰበሰብኳቸውን ሁሉ እንደተገኙ ነው የማስቀምጣቸው። ያንን የሰፋሁትን ግን አፍሬበት ከመደርደሪያው ጀርባ ደብቄው ኖሬአለሁ።

ነቢዩ በደወለ ማግሥት አወጣሁትና ስፌቱን በትንሽ መቀስ ፈታሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ የራሴ ስፌት ጠንካራ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ጌቱ ሐሙስ ወደ አገር ቤት ይሳፈራል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አሥራ ሦስቱንም ለነቢዩ ያስረክባል። በየክፍሉ ታሪኩን ባጭሩ በአማርኛ ጽፌ አስገብቻለሁ፤ የልጅ ልጅህ እድላዊት ታነብልሃለች። ቅቤ በነካ እጅ ብትገልጠውም ግድ የለኝም። ሥዕሎቹ ላይ ፈረሱ ሲጋልብ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት፣ የኋላዎቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ፈረስ እንዲህ ይሮጣል ወይስ ሠዓሊው ፈረስ አያውቅም? አንተ ፍረድልኝ።

እንግሊዞቹ ወር ይጠብቁ ነበር፤ አንተ ትዕግሥት ስለሌለህ ነቢዩ በየሳምንቱ አንድ አንድ ያወጣልሃል። የሚያኖረው ግን በረንዳው ጠረጴዛ ላይ ነው። አልጋህ ድረስ እንዳያመጣልህ አጥብቄ ነግሬዋለሁ። ከአልጋህ እስከዚያ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ በስልክ ሆኜ አስቆጥሬዋለሁ። ተቆጣኝ፣ ግን ተነሥተህ ተቆጣኝ።

እትዬ ስመኝን ጉልበቷን ሳምልኝ። ነቢዩን ቃሉን እንዲጠብቅ አደራ እለዋለሁ። እድላዊትን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ብትለምናትም መጽሐፉን እንዳታመጣልህ። ጎረቤታችሁን አቶ ሆርዶፋን እጅ እነሣለሁ።

በስልክ ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ። አምና በረዶ ላይ ከተንሸራተትኩ ወዲህ እኔም በዱላ ነው የምሄደው። የመጀመሪያ ቀን ሰው እንዳያየኝ ከበር ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ፖስታ ቤት ደረስኩ።

እህትህ የሺሀረግ
አፕል ቫሊ፣ ሚኒሶታ
ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.