የአቶ ተስፋማርያም ጀርባና የእኔ አማርኛ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1971 ዓ.ም.፤ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም ወገብ፣ ትከሻ፣ ማጅራት። የስደት ከተማችን ፓርክላንድስ ሰፈር፣ የዶ/ር መህታ ክሊኒክ። እኔ በእንግሊዝኛና በአማርኛ መካከል ቆሜ እተረጉማለሁ። ስደተኞቻችን ሐኪሙን «ሕንዱ ወጌሻ» ይሉታል። አርማለሁ፦ ወጌሻ አይደለም፤ ካይሮፕራክተር ነው፤ የአከርካሪ አጥንትን በእጁ የሚያቃና። «እሺ፣ የተማረ ወጌሻ» ብለው ይስቁብኛል።

የመጨረሻው ታካሚ አቶ ተስፋማርያም። የአስመራ ሰው፣ ሽማግሌ፣ ቁጥብ። ወገባቸው ቀጥ አይልም። ሐኪሙ ጠየቀ፤ ተረጎምሁ። ወድቀው ያውቃሉ? ተመትተው? በጭራሽ፣ ዕድሜ ነው አሉ። ራጅ ይነሡ ሲባሉ እምቢ። በሆዳቸው ሲተኙ ውስጥ እግራቸውን አየሁ። ጠባሳ በጠባሳ ላይ። ሐኪሙ በራስጌ በኩል ስለነበር አላየም። እንዲህ ያለ ጠባሳ በዕድሜ አይመጣም፤ በአገሬ እስር ቤት ከግርፋት እንደሚገኝ አውቃለሁ።

ሐሙስ አከርካሪያቸውን ሊያቃና ቀጥሯቸዋል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

መሃል ከተማ፣ ቤተ መጻሕፍት። ስለ አከርካሪ የተጻፈ አነበብሁ። ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመ አጥንት ድንገት በእጅ ከተገፋ ውስጡ ያለው ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ሰውየው እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ የአከርካሪውን ሥዕል ከመጽሐፉ ስገለብጥ የማየው የወንድሜን ጀርባ ነው። ከታሰረ ወዲህ ወሬው የለም። በየታካሚው ጀርባ ላይ እርሱን እፈልጋለሁ። ለአስተርጓሚ ነውር ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8፤ ማታ

አቶ ተስፋማርያምን ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። አጥንትዎ ተሰብሮ ከነበረ ለሐኪሙ ይንገሩት ብዬ ለመንሁ። በአገር ቤት ታስረው እንደሆነ ጠየቅሁ። የማን ልጅ እንደሆንሁ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ትንሽ ፈቀቅ አሉ።

«አማርኛሽ ጥሩ ነው፣ ልጄ። የቀበሌያችን ጸሐፊም አማርኛው ጥሩ ነበር።»

ማታቱው መጣ፤ ገቡ።

ለካ የደበቁት ከእኔ ነው! በዚህ ከተማም የመንግሥት ጆሮ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ጆሮው እኔ እሆናለሁ ብዬ አላሰብሁም። ከዚያ ወዲህ ድምፄን ስሰማ እደነግጣለሁ። ባለሱቁን ሳሙና ስጠይቀው እንኳ።

ያየሁትን ለሐኪሙ ብነግረውስ? ያልነገሩኝን አሳልፌ ልሰጥ ነው። ዝም ብልስ? ነገ ሐሙስ ነው።

እሳቸው እንደ አስመራ ሽማግሌ ሁሉ ጣልያንኛ ይችላሉ። የሚሲዮኗ ሲስተር አኜዜም ትችላለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9፤ ረፋድ

ሲስተር እሺ አለች። ለዶ/ር መህታ፦ የእኔን ትርጉም አይመኑ፣ በአቶ ተስፋማርያም ላይ እጅዎን አያሳርፉ አልሁ። ምክንያት ጠየቀ፤ አልሰጠሁም። ተቆጣ። ታዲያ አንቺን ለምን ቀጠርሁ አለኝ።

አቶ ተስፋማርያም ሲገቡ በሩ ላይ ጠበቅኋቸው። «ዛሬ ሲስተር ናት የምታስተረጉምልዎ። እኔ ውጭ ነኝ፤ ጣልያንኛ አላውቅም» አልሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል

በሩ ተዘግቷል። አግዳሚው ላይ ነኝ። ድምፃቸው ይሰማል፤ ቃሉ አይገባኝም። እንዲህ ብዙ የሚናገሩ ሰው ኖረዋል! ሲስተር መተርጎሙን አንዴ አቋረጠች። እንደገና ቀጠለች።

ከጣልያንኛው መካከል አንድ አማርኛ ቃል። የእስር ቤቱ ስም። ወንድሜ የገባበት።

ሐኪሙ ወጣ። ፊቱ ገርጥቷል። ራጅ ለመነሣት ተስማምተዋል፤ እስከዚያ ማንም አይነካቸውም አለ። ተመልሶ ገባ። አሁን ልብሳቸውን እየለበሱ ነው።

የወንድሜ ስም ምላሴ ላይ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ። ነገር ግን እዚያ እስር ቤት ውስጥ በአማርኛ ስንት ጊዜ ተጠይቀዋል? ራሳቸው ካልጀመሩልኝ አልጠይቃቸውም። ወስኛለሁ። ዛሬም፣ ወደፊትም።

እጀታው ዞረ። እርሳስ ይዤ ስጽፍ እንዲያዩኝ አልፈልግ—