ተራራው እስኪገለጥ የተቋረጠው ምርቃት

ለተከበሩ የተራራው ሪዞርት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

እርስዎ ከነመላ ቤተሰብዎና ከነሠራተኞችዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ጉልበቴ የሪዞርትዎን ደረጃዎች አንድ በአንድ ከማስታወሱ በቀር፣ ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሰው ማማረር የማያውቅ መሆኑን አስቀድመው ቢረዱልኝ ደስ ይለኛል። የማባዛት ሠንጠረዥን የተማርሁት አንድ ስሕተት አንድ አለንጋ በሚያስቀምስበት ክፍል ነው፤ አላማረርሁም። በጎልማሳነቴ፣ ዛሬ እንግዶችዎ በመኪና ሽው የሚሉበትን የተራራ መንገድ ስቀይስ፣ ሁለት ክረምት በሚያፈስ ድንኳን አድሬአለሁ፤ ሁለት የእግሬ ጣቶች ከዚያ ወዲህ ብርድና ሙቀት አይለዩም፤ ለማንም አልተናገርሁም። ባለቤቴ ካረፈች ጀምሮም፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ራሴ ያበሰልሁትን ምግብ ያለ አንዳች አስተያየት በልቻለሁ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ብዕር ለማስነሣት የበቃ ድርጅት፣ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውምና፣ ባለፈው ወር በግቢዎ ስለ ተከናወነው የልጅ ልጄ ሠርግ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩ኛ/ በተሰጠኝ የመርሐ ግብር ወረቀት ላይ «የሽማግሌ ምርቃት፤ ከ10፡00 እስከ 10፡04፤ ጀርባ፦ ተራራ» ተብሎ ስለ ተጻፈልኝ አመሰግናለሁ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ጀርባዬ ምን እንደ ሆነ በጽሑፍ ያሳወቀኝ አልነበረም።

፪ኛ/ ካፖርቴ ከወንበሮቹ ሽፋን ጋር ቀለሙ ስለ ተጋጨ፣ ሠራተኛዎ በትሕትና አውልቆ ወስዶልኛል። በዚያ ንፋስ ውስጥ ከወንበሮቹ ጋር ተስማምቼ ቆሜአለሁ።

፫ኛ/ ይህኛው ረዘም ስለሚል ይቅርታዎን እለምናለሁ። ያ ምርቃት የእኔ አይደለም። ከባለቤቴ እናት ለባለቤቴ፣ ከባለቤቴም ለልጃችን የተባለ፣ በቤታችን ለሙሽራ ብቻ የሚነገር ቃል ነው። የሚነገረውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ ሲሆን፣ የሰማችው ሙሽራ በተራዋ ትይዘዋለች። ልጃችን ከእናቷ ቀድማ ስላረፈች፣ ባለቤቴ በታመመች ጊዜ እጄን ይዛ ቃል በቃል አስጠናችኝ፤ ስሳሳትም እንደ ድሮ አስተማሪዎቼ ከሥር አስጀመረችኝ። የልጅ ልጃችን እስክትዳር አደራው እኔ ዘንድ ቆየ ማለት ነው። ሐኪሜ ደግሞ ስለ ልቤ ሲነግረኝ፣ እኔ በዘመኔ ሊፈርስ ስለ ቀረበ ድልድይ በምጽፈው ዓይነት ጥንቃቄ የተሞላ ቋንቋ መጠቀም ስለ ጀመረ፣ ብዙ የመቆያ ጊዜ አልነበረኝም።

ስለዚህ በተባለው ሰዓት ተነሥቼ፣ «ደጃችሁ እንግዳ አይጣ፤ ጓዳችሁ ለጎረቤት አይጥበብ፤ ብትኳረፉም ኩርፊያችሁ» እንዳልሁ፣ ወጣቷ የሠርግ አስተባባሪዎ እጇን አነሣችና «አባባ፣ አንዴ ያቁሙልኝ፤ ተራራው ጠፋ» አለችኝ። እውነትም ደመናው ጋርዶት ነበር። ያ ደመና በእነዚህ ወራት በየቀኑ ልክ በአሥር ሰዓት ከገደሉ ሥር ተነሥቶ እስከ አመሻሽ እንደሚቆይ፣ ሁለት ክረምት አብሮኝ ስላደረ አውቀዋለሁ፤ የጠየቀኝ ግን የለም፤ እኔም ሳይጠየቁ መናገርን አልተማርሁም። ኩርፊያውን በአፌ እንደያዝሁ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቆምሁ።

ጥቂት ሲገለጥ አስተባባሪዋ ተመለሰችና፣ የሙዚቃው ሰዎች ድምፅ ማጉያቸውን እየሞከሩ ስለ ነበረ፣ «ድምፅ አያስፈልግም አባባ፤ ከንፈርዎን ብቻ ያንቀሳቅሱልኝ» አለችኝ። መታዘዝን በአለንጋ የተማርሁ ሰው ነኝና አንቀሳቀስሁ። የልጅ ልጄም ከንፈሬን ትኩር ብላ እያየች፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ እንባዋን አፈሰሰች። ሙሽራው መሐረብ አቀበላት። ፎቶ አንሺዎ እጅግ ተደሰተ።

፬ኛ/ ያ ፎቶግራፍ በእንግዳ መቀበያዎ ግድግዳ ላይ፣ በር በሚያህል መጠን፣ «የአያት ምርቃት ሙሽራን ሲያስለቅስ፤ የእርስዎንም ቀን በእኛ ዘንድ ያድርጉ» ከሚል ጽሑፍ ጋር መሰቀሉን ጎረቤቴ አይቶ ነግሮኛል። በዚህ ዕድሜዬ ለጌጥ በመብቃቴ ኮርቻለሁ።

ምናልባት ሽማግሌው ይህን ሁሉ የሚያወራው ቅር ብሎት ነው ይሉኝ ይሆናል። ቅር ያለኝስ አንድ ነገር ነው። ከሠርጉ ማግስት ሙሽሮቹ ወደ ጫጉላ ሽርሽራቸው ሄዱ፤ እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ደረቴን ባመመኝ ቁጥር፣ የባለቤቴ ቃል ገና ግማሹ በእኔ ውስጥ እንዳለ እያሰብሁ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብያለሁ። የሞት ፍርሃት አልነበረም፤ አደራ በልቶ የመሄድ ፍርሃት ነው። እርስዎ ለተራራዎ ተጨንቀው ነበር፤ ተራራው ግን እንኳን እስከ ሦስት ሳምንት፣ እስከ ምጽአትም ይቆያል።

ደግነቱ ትናንት የልጅ ልጄ ደውላ ነበር። «አባዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት እንመጣለን፤ ከሥር ይጀምሩልኝ» አለችኝ። እኔ አላስታወስኋትም፤ ራሷ ናት ያለችው። እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ፣ በሁለት ክፍል ቤቴ፣ ጀርባዬን ለልብስ ሳጥኑ ሰጥቼ፣ ካፖርቴን ለብሼ፣ የባለቤቴን ምርቃት ሙሉውን ለልጅ ልጄ አስረክባለሁ። ፕሮግራሙ አራት ደቂቃ አልተባለም።

ለደረጃዎችዎ፣ ለወንበር ሽፋኖችዎና ለተራራዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ካፖርቴን ግን ሳልመኝ ከቅዳሜ በፊት ሰው ልኬ እንደማስወስድ በማክበር እየገለጽሁ፣

በፎቶግራፉ በስተ ግራ የሚታዩት ከንፈሮች ባለቤት፣
የሙሽራዋ አያትና ጡረተኛው መንገድ ቀያሽ

ማስታወሻ፦ ከግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ቢያርሙት መልካም ነው። አንዲት እናት በሕመም አልጋዋ ላይ ያስረከበችውን ቃል ለካሜራ ስለማላባክን፣ ከንፈርዎን ያንቀሳቅሱ ስባል በልቤ የመጣልኝን የሰባትን ማባዣ ስደግም ነበር። የልጅ ልጄን በጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ሠንጠረዡን ያስተማርኋት እኔ ስለ ሆንሁ፣ ከከንፈሬ ላይ አነበበችው፤ ድሮ ሁልጊዜ በምትሳሳትበት በሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ቆም ብዬ ስጠብቃት፣ በለሆሳስ «ኀምሳ ስድስት» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ፎቶው የተነሣው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ውርሱ ተከፍሏል፤ ምርቃቱ ለልጅ ልጄ፣ የሰባት ማባዣ ለእርስዎ።