ሽቅብ እንውጣ ወይስ በሜዳው ውሃ እንሂድ

ለውድ ወንድሜ ለሬጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ኖርማስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ተሻላት ወይ? የአውስትራሊያ ሙቀት በረድ አለላችሁ ወይስ አሁንም እያንገበገባችሁ ነው? እኔ ከማያባራው ዝናባችንና ከአንተ ናፍቆት በቀር ፈጣሪዬ ይመስገን ደህና ነኝ። አሁንም ደግሜ ልጠይቅህ፤ አንተስ? ጤናህስ እንዴት ነው? ለደብዳቤ ወግ የተጻፈ ነው ብለህ እንዳታልፈው። ይህችን ጥያቄ ጽፌ ብዕሬን አስቀምጬ ብዙ ቆይቻለሁ።

ለጁላይ የያዝናት ጠባብ የቦይ ጀልባ ተረጋግጣለች። አረንጓዴ ናት፣ ሁለት አልጋና ምድጃ አላት። የቀረው መንገዱን መቁረጥ ነው፤ የታርዴቢግን ዳገት ሽቅብ እንውጣ ወይስ በሜዳው ውሃ እንሂድ፤ ግራ የተጋባሁትም እዚህ ላይ ነው። ካርታውን የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ በየጥጉ ኩባያ ጭኜበት በላሁበት፣ ጠጣሁበት፤ ጭራሽ ውሉ ጠፋኝ። ድሮ ይህ የባለቤቴ የሙሪየል ሥራ ነበር። ነፍሷን ይማረውና፣ የት እንደምናድር፣ ዳቦ ከየት እንደምንገዛ፣ ቦዩ የሚያልፍበት ዋሻ ጋ መቼ እንደምንደርስ በእርሳስ የምታሰላው እሷ ነበረች። እኔ የማውቀው ከኋላ ቆሜ መንዳት ብቻ ነው።

የጀልባ አከራዩን ሚስተር ፔግን ባማክረው፣ «ምን ያስጨንቅሃል ሲሪል፣ የታርዴቢግን ዳገት ከእግሩ ጀምረህ፣ በየውሃ በሩ ውሃ እየሞላህ ጀልባዋን ከፍ እያደረግህ ውጣው። ግን ልብ በል፤ ጀልባዋ ከቦዩ ወርድ ትረዝማለች፣ መሐል ላይ ደርሰህ ልመለስ ብትል መዞሪያ የለህም» አለኝ። የጸሎት ቤታችን ኦርጋን መቺ ወይዘሮ ታፕሊ ደግሞ፣ «በዚህ ዕድሜያችሁ? ሠላሳ የውሃ በር? ኧረ ሰውዬ፣ የተከራየኸው ጀልባ ነው ወይስ የሬሳ ሣጥን?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያን ጊዜ ገና አልሰማሁም ነበር።

አንተ በደብዳቤህ፣ «በሮቹን በሙሉ የምከፍተው እኔ ነኝ፤ አንተ ሽማግሌው ሻይህን እየጠጣህ ንዳ» ብለኸኛል። ደብዳቤህ በደረሰ ማግስት ሎሬይን ደወለችልኝ። እባክህ እንዳትቆጣት። «አጎቴ፣ ዶክተሩ ለአባዬ ልብህ ደክሟል፣ ከባድ ነገር እንዳትገፋ ብሎታል። ሐኪም ቤት የወሰድሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም እንዳትናገሪ ብሎ አስምሎኛል። በሮቹ ለጥገና ተዘግተዋል ብለህ ጻፍለት፤ ከእኔ ሰማሁ ግን እንዳትል» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» እላለሁ፤ እሷ ለካ እያለቀሰች ኖሯል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ውሸቱን ጽፌው ነበር። «ያሳዝናል ወንድም ዓለም፣ ዘንድሮ በሮቹን ሊጠግኑ ነው» የሚል። ወይዘሮ ታፕሊም፣ «እንዲህ ያለችውን ውሸት እግዚአብሔር አይቶ እንዳላየ ያልፋታል» አለችኝ። ፖስታ ሣጥኑ ድረስ ወስጄው ይዤው ተመለስሁ። ልጸልይ ስንበረከክም የምለምነው ጠፋኝ። ወንድሜን ጠብቅልኝ ልበል ወይስ ውሸቴን አሳምርልኝ? አንዱን እጀምርና በሌላው እጨርሳለሁ። ልዋሽህ የፈለግሁትስ ለአንተ አዝኜ ነው ወይስ አንድ ነገር ብትሆን በእኔ እንዳይመጣ ፈርቼ? ራሴን ብመረምረው ብመረምረው ሁለቱም ያው መልክ አላቸው።

ቅዳሜ ዕለት ሙሪየል ውሃ የምትለቅበትን የብረት መዘውር ይዤ ከዳገቱ ግርጌ ወዳለው በር ሄድሁ፤ አንተ ካልቻልህ እኔ እችል እንደሆን ልሞክር ብዬ። አንዲት ሴት ብቻዋን ጀልባዋን በታችኛውና በላይኛው በር መሐል አስገብታ ከታች ቆማለች። ላግዝሽ አልኋትና መዘውሩን አዙሬ ውሃውን ከላይ ለቀቅሁላት። ከዚያ የላይኛውን በር መግፊያ ግንድ በጀርባዬ ተደግፌ መግፋት ጀመርሁ። ገፋሁ፣ አማጥሁ፣ በሩ ወይ ፍንክች። ሴትዮዋ ውሃው ከፍ እያደረጋት ብቅ አለችና፣ «አባባ፣ እንግሊዝን ነው እንዴ የምትገፋው? ውሃው እኩል ሳይሆን ዝሆን ቢመጣም አይከፍተው! ተቀመጥ፣ ተንፍስ፣ ብስኩት እንካ» አለችኝ። ግንዱ ላይ ተቀምጬ ብስኩቷን በላሁ። ጥቂት ቆይቶ የውስጡ ውሃ ከበሩ በላይ ካለው ውሃ ጋር ተስተካከለ፤ ብነሣና ደገፍ ብለው በሩ ያለ ድምፅ ተከፈተ።

ሙሪየል ይህን ስትሠራ በኖረችበት ዘመን ሁሉ እኔ ከታች ሆኜ የማየው ባርኔጣዋን ብቻ ነበር። ስትገፋ የምትውል ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አብዛኛውን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። አንተ ደግሞ ሬጅ፣ መጠበቅ አልፈጠረብህም። ገንፎ እስኪበርድ አትታገሥም ነበርና ምላስህ ሳይቃጠል የዋለበትን ቀን አላስታውስም።

ስለዚህ በሮቹ አልተዘጉም። ወደ ሐኪምህ ተመለስና ቆሜ መንዳት እችላለሁ ወይ ብለህ ጠይቀው። ይሁን ካለህ ሽቅብ እንወጣለን፤ ጀልባዋን አንተ ትነዳለህ፣ በሮቹን እኔ እከፍታለሁ፣ ሲደክመኝም መንገድ ላይ እናድራለን። አይሆንም ካለህ ከዳገቱ ጫፍ እንነሣለን፤ ከዚያ እስከ በርሚንግሃም ድረስ ውሃው ሜዳ ነው፣ ወይዘሮ ታፕሊ እንኳ ትነዳዋለች። ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። አንድ ነገር ግን ልለምንህ፤ ሐኪሙ ያለውን በራስህ እጅ ጻፍልኝ፤ ሚስተር ፔግን ወንድሜ እስኪመልስልኝ ጠብቀኝ ብዬዋለሁ።

ኖርማን አጥብቀህ ሳምልኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ ደብቀህ ሳይሆን አጠገቧ ተቀምጠህ አንብበው። ለትንሹ ለዴክላን፣ የላከልኝ የካንጋሮ ሥዕል ከምድጃዬ በላይ መሰቀሉን ንገርልኝ። ለጎረቤታችሁ ለሚስተር ኦልድፊልድም ሰላም በልልኝ። ለሎሬይን ከሰላምታዬ በፊት ይቅርታዬን አድርስልኝ፤ ምሥጢሯን አውጥቼባታለሁ። ከመቆጣትህ በፊትም እቀፋት።

ታላቅ ወንድምህ ሲሪል

ስቶክ ፕራየር፣ ዉስተርሺር
ሰኞ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1998 እ.ኤ.አ.