ሳላነብ የፈረምኩበት ወረቀት

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትዎን እየሳምኩ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ሳልዎ ለቀቅ አደረገዎት? የእናቴስ ወገብ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገንና በአካል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም።

አባባ፣ ለሽንኩርቱ መደብ የገዛሁት የውሃ መሳቢያ ሞተር እንዳሰብነው አልሆነም። በምሠራበት የመኪና እጥበት ብሞክረው ይጮኻል እንጂ ጠብታ ውሃ አይስብም። በማግስቱ ተሸክሜ መለስኩት። ነጋዴውም ሞተሩን ተቀብሎ «ገንዘብህን በሳምንቱ መጥተህ ትወስዳለህ» አለና አንድ ወረቀት አቀረበልኝ። ጽሑፉ ደቃቅ ነበር። በጣቴ እየተከተልኩ ፊደል መልቀም ስጀምር፣ «ወንድሜ፣ አንተ እስክትጨርስ ሱቁ ይዘጋል፤ ካቃተህ በአውራ ጣትህ አትም» ቢለኝ ገዢው ሁሉ ሳቀብኝ። እርስዎ ከእርሻ ሥራ አስቀርተው አራት ዓመት ያስተማሩኝ ልጅ በጣቴ ላትም? እልህ ያዘኝና ፈረምኩ።

ሳምንቱ ሦስት ወር ሆነ። አንድ ቀን «አስመጪው አልላከልኝም»፣ ሌላ ቀን «ምነው እንደ ጥላ ተከተልከኝ!» ይለኛል። ባለፈው ማክሰኞ ግን ያንኑ ወረቀት አውጥቶ «ይኸው ፊርማህ፤ ተረክበሃል እኮ» አለኝ። ቀስ ብዬ ባነበው፣ እውነትም «ገንዘቤን ቆጥሬ ተረክቤያለሁ» ይላል። ሞተሩም እሱ ጋ፣ ገንዘቡም እሱ ጋ ቀረ። አለቃዬን ባማክረው «በፈረምክበት ማን ይሰማሃል? እርምህን አውጣ» አለኝ። በቀበሌው አቤቱታ የሚቀበሉት ጸሐፊም ነጋዴው የሰጠኝን የወረቀቱን ቅጂ አይተው መለሱልኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ፤ ከእንግዲህ ተስፋ የማደርግበት በር አይታየኝም።

ስለዚህ አባባ፣ ሞተሩን አይጠብቁ። ሌላ ለመግዛት ዓመት ሙሉ ማጠራቀም አለብኝ፤ ችግኙ ደግሞ ዓመት አይቆይልንም። በባልዲ ሊደርሱለት የሚችሉትን ሁለት መደብ ብቻ ይትከሉ፤ የቀረውን ሳይጠወልግ ወንዝ ዳር መሬት ላለው አጎቴ ይስጡት። በእኔ ጥፋት መሆኑን አውቃለሁና ይቅር ይበሉኝ።

እናቴን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ በዚያ ወገቧ ውሃ እንዳትሸከም ይቆጧት። አጎቴንና ቤተሰቡን እንደምን ናችሁ ይበሉልኝ። ይህን ለምታነብልዎት እህቴም ናፍቆቴ ይድረሳት፤ ጎረቤት «ልጁ ምን ጻፈ?» ብሎ ቢጠይቃት፣ ሰላምታ ብቻ ነው የላከው ትበለው።

ልጅዎ

ከመኪና እጥበቱ ማደሪያ
ጥር ፲፪ ቀን