ከጌርስትነር ዳገት ስለተወሰዱት ወንበሮች

ለተከበሩ አቶ ትሬቨር ሃሊዴይ
የወንዝ ዳር ሰፈሮች እድሳት ምክር ቤት ዋና ዳይሬክተር
ፒትስበርግ

ጉዳዩ፦ ስለተዋለልን ውለታ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል።

የተከበሩ ዳይሬክተር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲያገኝዎ፣ በተለይም ወገብዎ፣ ጉልበትዎና የእጅዎ አንጓ ደህና እንዲሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። የእጅ አንጓን ለይቼ የጠራሁበት ምክንያት ዝቅ ብለው ሲያነቡ ይገለጥልዎታል። ስሜ ኤልመር ሃቭሊክ ይባላል፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚሁ ሰፈር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ አስተምር ነበር። ዕድሜዬን የፈተና ወረቀት ሳርም ስለኖርኩ ነገርን በየተራው ካልያዝኩ አይሆንልኝም፤ ስለዚህ ትዕግሥትዎን እየለመንኩ የምስጋናችንን ምክንያቶች በቁጥር አስቀምጣቸዋለሁ።

፩. ስለ ወንበሮቹ። ለከተማው እንግዳ ስለሆኑ ማንም አልነገርዎት ይሆናል። በጌርስትነር ዳገት ላይ ጋራዥ ያለው ቤት የለም፤ በረዶ የሚጠርገው መኪናም ዳገቱን ከታች ሆኖ አየት ያደርግና ይመለሳል። በዚህ ምክንያት አያቶቻችን በብረት ማቅለጫው ይሠሩ ከነበሩበት ዘመን ጀምሮ አንድ ሥርዓት አለን። በረዶውን በአካፋው የጠረገ ሰው ባጸዳው ቦታ ላይ መኪናውን ያቆማል፤ ወደ ሥራው ሲሄድ ደግሞ አንዲት አሮጌ የወጥ ቤት ወንበር ያስቀምጥበታል። በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ያቺን ወንበር ማንም አይነካትም። የተጣላ ጎረቤት አይነካትም፤ የመኪና ጎማ ፈትቶ የሚሄድ ሌባ እንኳ ዞር ብሎ ያልፋታል። እህቴ የፈታችውን ባሏን ወንበር በክብር ዞራ ስታልፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቤቱን ግን ወስዳበታለች።

በጥር ወር፣ ከባዱ በረዶ በወረደ ማግስት፣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሠራተኞችዎ መጡና ወንበሮቻችንን አንድ ሳይቀር «የሕዝብ መንገድ የሚያጣብቡ ቁሳቁሶች» ብለው በጭነት መኪና ወሰዱልን። እናመሰግናለን። መንገዱ በእርግጥ ሰፍቷል፤ እንደ ሰፋ ለማወቅ በበረዶ ውስጥ ወርዶ ማየት ብቻ ይበቃል።

፪. ስለ ወይዘሮ ሪታ ዶምብሮቭስኪ። ወይዘሮ ሪታ ከእኔ ቤት ዝቅ ብለው የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ፒሮጊ ይሠራሉ፤ ድንችና አይብ በሊጥ ጠቅልለው፣ ቀቅለው፣ በቅቤና በሽንኩርት ይጠብሱታል። ሐሙስና ዓርብ ትልልቅ ድስቶቻቸውን መኪናቸው ላይ ጭነው ለሰፈሩ መጠጥ ቤቶች ያደርሳሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ያንን ቤት ያቆመው ይኸው ድስት ነው። ዳሌያቸው ከበራቸው እስከ መኪናቸው ድስት ተሸክመው እንዲሄዱ ይፈቅድላቸዋል፤ ከዚያ አንድ ቤት ያህል ቢርቅ ግን አይፈቅድላቸውም። ወንበሮቹ በተወሰዱበት ዕለት ከንጋት ጀምረው በረዶውን ሲጠርጉ ቆይተው፣ ቢጫዋን ወንበራቸውን አስቀምጠው ወደ ደንበኞቻቸው ሄዱ።

ሲመለሱ ወንበሯ የለችም። በቦታቸው በሰፈራችን በተሠራው አዲስ ሕንፃ የተከራየ የአንድ ወጣት መኪና ቆሟል። ወጣቱን አልወቅሰውም፤ ጨዋ ልጅ ነው። «እማማ፣ በጣም ይቅርታ፤ እኔ እኮ አላወቅሁም። ምክር ቤቱ መንገዱ የሁሉም ነው ብሎ በስልክ መልእክት ልኮልናል» አላቸው።

«የሁሉም ከሆነ የአንተ አካፋ የታለ ታዲያ?» ብለው መለሱለት።

ልጁ አካፋ አልነበረውም። ወይዘሮ ሪታ መኪናቸውን ከዳገቱ ሥር አቁመው፣ ባዶ ድስቶቻቸውን ታቅፈው ሲወጡ አዳለጣቸውና ወደቁ፤ የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ፒሮጊ የሚታጠፈው በእጅ ነው፣ ክቡር ዳይሬክተር። በጥርስ ማጠፍ የሚችል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከዚህ በኋላ ልጃቸው ከፍሎሪዳ ደወለ። «እማዬ፣ በቃሽ እንግዲህ። ቤቱን ሽጪውና እኔ ጋ ነይ» አላቸው። ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩና «ኤልመር፣ እዚያ ምን እሠራለሁ? በረዶ የለ፣ የምሰድበው ሰው የለ» አሉኝ። ከዚያ ተነሥተው በግራ እጃቸው ድስቶቹን ወደ ሣጥን መክተት ጀመሩ። ወይዘሮ ሪታን ለሚያውቅ ሰው ከስብራቱ ይልቅ የሚያስደነግጠው ይህ ነበር።

፫. ስለ አበባው። የምክር ቤትዎ ወኪል በአንድ እጁ አበባ፣ በሌላው የቤት ሽያጭ ውል ይዞ በማግስቱ ስለጠየቃቸው እናመሰግናለን። ይህን የመሰለ ፍጥነት በረዶ ጠራጊው መኪና ቢኖረው ኖሮ ወይዘሮ ሪታ ባልወደቁ ነበር።

፬. ስለ ሰጡኝ ትምህርት። እንደሚያስታውሱት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ የምቀመጥበት ወንበር እንኳ አላጡም። የወይዘሮ ሪታን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረድቼ፣ እጃቸው እስኪጠገን ከበራቸው ፊት አንዲት ቦታ ብቻ እንድትከበርላቸው ለመንኩ።

እርስዎም ፈገግ ብለው «ቲቸር፣ ስሜትዎ ይገባኛል፤ ወንበር ግን ሕግ አይደለም» አሉኝ። «ሕጉ ቀላል ነው። ቀድሞ ያቆመ ቦታውን ያዘ፤ አለቀ። ጠረገ አልጠረገ፣ አሮጊት ናት ወጣት ነው አይልም። ለጎረቤቶችዎም ይህንኑ ቢያስረዱልኝ ደስ ይለኛል።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሕግ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አደራውን ተቀበልኩ። ጎረቤቶቼን በወይዘሮ ሪታ ወጥ ቤት ሰበሰብኳቸውና የነገሩኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተማርኳቸው። ከሁሉም ቀድሞ የገባው የአውቶቡስ ሹፌር የነበረው ኦቲስ ግሪርሰን ነው። «ቆይ ቆይ፣ ቲቸር» አለኝ፤ «በቃ ሕጉ ይኼው ነው? ሌላ የለውም? እንግዲያው ያ ምክር ቤቱ ከዳገቱ ሥር ያሠራው አዲሱ የገበያ አዳራሽ የሚመረቀው መቼ ነው?»

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ ማግኘት ለአንድ መምህር ትልቅ ደስታ ነው።

፭. ስለ ምረቃው። የአየር ትንበያው ለምረቃው ዋዜማ በረዶ እንደሚጥል ተናግሮ ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የጌርስትነር ዳገት ነዋሪዎች መኪናቸውን አስነስተው ወረዱና በአዳራሽዎ ዙሪያ በሚገኙት የተፈቀዱ ቦታዎች ሁሉ አቆሙ። ኦቲስ የእህቱንም መኪና ይዞ መጣ። እኔ እየዞርኩ አጠገቡ ማቆም ከሚከለከለው የእሳት አደጋ ውኃ መስጫ የራቁትን ርቀት ለካሁ፤ አንዱ ጎማው መስመር ነክቶ ስላገኘሁት እንዲያስተካክል አደረግሁ። አንዳቸውም ከሕግ ውጭ እንዳልቆሙ በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ። ከዚያ በእግራችን ወደየቤታችን ወጣን፤ በረዶውም ሲወርድ አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችን አካፋ ያነሳ ሰው አልነበረም። ሰው የቆመ መኪናውን ከበረዶ እንዲያወጣ የሚያስገድድ አንቀጽ ፈልጌ አጣሁ፤ እርስዎ ካገኙ ቢልኩልኝ አነበዋለሁ። የምግብ አቅራቢዎ መኪና የሚቆምበት ቦታ አጥቶ ከታችኛው መንታ መንገድ ላይ ተገትሮ ቀረ። ሙዚቀኞቹ ከበሮውን ተሸክመው ግማሽ መንገድ ከመጡ በኋላ ተመካክረው ተመለሱ። እንግዶችዎ በስስ ጫማ በረዶውን እየረገጡ ቆም፣ ቆም ሲሉ አየሁና አዘንኩ፤ ከልቤ እንዳልሆነ ግን አልደብቅዎትም።

እርስዎም በዚያ በሚያምር ካፖርትዎ እስከ ኦቲስ በረንዳ ድረስ ወጥተው «እባካችሁ፣ መኪኖቹን አንሱልኝ፤ እንግዶች ቆመው ቀሩ!» አሉ።

«ጌታዬ፣ ደስ ይለን ነበር» አለዎት ኦቲስ፤ «ግን ወገባችንን አሞናል።»

«ሁላችሁንም?»

«ምን ይደረግ፣ ሰፈሩ አብሮ ነው የሚታመመው።»

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረው «ቲቸር፣ ይህ ተንኮል ነው!» አሉኝ። በፍጹም አይደለም። የሰጡኝን ትምህርት ነው ያስተማርኩት፤ ክፍሉ በሙሉ ሲያልፍ ግን መምህሩን መጠርጠር ልማድ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ወይዘሮ ሪታ ከተሰበሩ ጀምሮ በየሐሙሱ ወጥ ቤታቸው ገብተን እኛ ፒሮጊ እናጥፋለን፤ እሳቸው በጄሶ የታሰረ እጃቸውን ታቅፈው ያዝዛሉ። «ኤልመር፣ ይኼ ፒሮጊ ነው ወይስ የተረገጠ እንቁራሪት? ጠርዙን ተጫነው እንጂ! የሰውን ልጅ እንዲህ ነው ያስተማርከው?» ይሉኛል። የምረቃው ዕለት ድስቶቹን በረንዳቸው ላይ ደረደርን። የበረደው እንግዳዎ ሁሉ የሽንኩርቱን ሽታ ተከትሎ ዳገቱን ወጣ፤ ቆሞ በላ፤ ለቤቱም አስጠቀለለ። ከእነርሱ መካከል ዛሬም በየሳምንቱ የሚመጡ አሉ። እነዚያን የመሰሉ ደንበኞች ሰብስበው ስለላኩልን ምስጋናችን ወደር የለውም።

የዚያኑ ዕለት፣ ድስቶቹ ባዶ ሲሆኑ፣ ወይዘሮ ሪታ ለልጃቸው ደወሉ። «ልጄ፣ አልመጣም» አሉት፤ «ሠራተኞቼ ሰነፎች ናቸው፤ ጥያቸው ብሄድ ሥራው ይበላሻል።» የወኪልዎን ውል ሳይፈረም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሼልዎታለሁ። በላዩ ላይ የሚያዩት ክብ ቅባት ቅቤ ነው፤ የጋለ ድስት አስቀምጠንበት ነበር፤ ለዚያ በጣም ጠቅሞናል።

ለሰፈራችን እድገት ሌት ተቀን ስለሚደክሙ ጉልበትዎ ይጠንክር፤ በሄዱበት ሁሉ እንደ ሥራዎ የሚመልስልዎ ሰው አይጥፋ እያልኩ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ ተማሪ፣
ኤልመር ሃቭሊክ
ጡረተኛ መምህር፣ ጌርስትነር ዳገት

ግልባጭ፦
ለዳገቱ ነዋሪዎች በሙሉ (በየበሩ ተለጥፎ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐኪሙ በመጪው ሰኞ የወይዘሮ ሪታን ጄሶ ይፈታላቸዋል፤ መኪና መንዳትም ፈቅዶላቸዋል። መጀመሪያ ወዴት መንዳት እንደሚወዱ ብንጠይቃቸው ያለ ማመንታት ወደ እርስዎ መኖሪያ መንገድ አሉ። ኦቲስና እኔ ቀድመን ሄደን ቦታውን አየነው፤ በርዎ ፊት ለፊት ለብዙ መኪና የሚበቃ፣ ለማንም የተፈቀደ፣ ጥላ ያለው ሰፊ ማቆሚያ ነው። ማክሰኞ በረዶ ይጥላል ይላሉ።