ስሜን የጻፍሁበት ወረቀት

ሰኞ፣ ጥቅምት 9
ተጠያቂው አይቸው ነው። ጭቃ ካለቀ ሦስተኛ ሳምንቱ። ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ መንገድ ጀርባ ያለው የሸክላ መሥሪያ ምድር ቤታችን ባዶ... እቶኑም ቀዝቅዞ ቆሟል። አይቸው ለሰፈራችን ልማት የተቀጠረ ነው፤ ጭቃ ማምጣትም የሱ ሥራ ነው፤ አባቱን ከወለቃ፣ ከጎንደሩ የሸክላ ሠሪ መንደራችን ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ስደውልለት፣ «እማማ ውባለም፣ ትንሽ ይታገሡ፤ አራት ከተሞች ሆነን ልንተባበር ነው» ይለኛል። ጭቃ ጠየቅሁት እንጂ ከተማ መች ጠየቅሁት?
ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ወርጄ ሽንኩርት ገዛሁ። ዝናብ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 13
ትናንት አይቸው ስብሰባቸው ላይ ወሰደኝ። የልማት ሠራተኞቹ ሰባት ናቸው፣ ከአራቱም ከተማ የመጡ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ፤ ባለ ቀለም መርፌ ይሰኩበታል። የቆላው ከተማ ሠራተኛ ሃጊት ትባላለች፤ ብዙ ትስቃለች። በእጄ ትንሽ እንስራ ሠርቼ አሳየኋቸው። አጨበጨቡ።
ከዚያ ወረቀት መጣ። አይቸው የጣት ቀለሙን ገፋ አደረገልኝ።
«እማማ፣ እዚህ ጋ ጣትዎን...»
«ጣት? ስሜን እጽፋለሁ!»
ጻፍሁ። ተነሥተው አጨበጨቡ።
ፊደል የቆጠርሁት እዚህ አገር፣ በስልሳ ዓመቴ ነው። አማርኛው ገባልኝ፤ ከዕብራይስጡ ግን ስሜን ብቻ። እሱንም ቶቫ፣ የኡልፓን፣ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤቱ አስተማሪዬ፣ እጄን ይዛ ነው ያስለመደችኝ።
ወረቀቱ በዕብራይስጥ ነው፤ ምን ይል ነበር? ስሜን ጽፌ ሳበቃ ማንበብ አልችልም ልበል? አፈርሁ። ጎንደር ሳለሁ አውራ ጣቴን ከማስነካቴ በፊት ሦስት ሰው አስነብብ ነበር...

ማክሰኞ፣ ኅዳር 1
እቶኑን ወሰዱት። አራት ሰው፣ ገመድ፣ መኪና። ደጃፉ አላሳልፍ ቢላቸው መዝጊያውን ነቀሉት።
«ወዴት ነው?» አልሁ።
«ወደ ቆላው ከተማ» አለ አይቸው። «ከተሞቹ እንዳንሻማ እኮ ነው፣ እማማ። ሸክላው እዚያ ይሠራል፣ ኢየሩሳሌም ይሸጣል። ፈርመውበታል።»
«አንብበህልኛል?»
«መች ጠየቁኝ?»
እውነቱን ነው። አልጠየቅሁትም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 4
ሚካል፣ ሳቭታ፣ አያቴ፣ የምትለኝ የልጅ ልጄ፣ ከጦር ሰፈር መጣች። አይቸው የተወልኝን ወረቀት ሰጠኋት። ዕብራይስጡን ስትመልስልኝ አማርኛው ያጥራታል፤ በየመስመሩ ቆም ትላለች።
«ሳቭታ፣ እዚህ... እቶኑ እዚያ የሚቆየው ዐሥር ዓመት ይላል።»
ዐሥር ዓመት! የት ልደርስ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 9
ምንም።

ሰኞ፣ ኅዳር 14
ስግድ፣ የኛ የቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል። አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ላይ ሰዉ እንደ ጤፍ ፈሶ ዋለ፣ ከየከተማው። ልቅናሽን አገኘኋት። እሷም የወለቃ ልጅ ናት፤ ዛሬ የቆላው ከተማ ሰው።
«እቶኔ ደኅና ነው?»
«ካርቶን ተጭኖበታል።»
«ማን ሊሠራበት ነው?»
«እኔ ነኝ አሉ! ወለቃ ተወልጄ የለ? ሃጊት ሸክላ ሠሪ ብላ ካርታው ላይ ሰካችኝ። አንቺ ታውቂኛለሽ፣ እኔ ከስፌት በቀር ምን አውቃለሁ?»
«አልነገርሻትም?»
«ነገርኋት። ‹ኮርስ እንሰጥሻለን› አለች።»
ሳቅን። በጾም አፋችን፣ ቄሶቹ እስኪገላምጡን ድረስ። ከዚያ ልቅናሽ አለቀሰች። የስፌት ክፍሏን ለሌላ ከተማ ሰጥተውባታል። ላለመሻማት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 24
አይቸው መጣ። አዲስ ወረቀት፣ የጣት ቀለም፣ አንድ ጆንያ ጭቃ። አሁን መጣ ጭቃው!
«አንብብልኝ» አልሁት። አነበበ። በሳምንት ሁለት ቀን መሸጫው ደጃፍ ተቀምጬ፣ ጎብኚ እያየኝ እንስራ ልሠራ ነው።
«የት ይተኮሳል?»
«አይተኮስም። ጎብኚው ሲሄድ ያፈርሱታል፤ ጭቃው መልሶ ያገለግላል። አንዱ ጆንያ ዓመት ይበቃል፣ እማማ።»
«እቶኑስ?»
«ሰባታችንም ካልተስማማን አይመለስም። ሃጊት ደግሞ... አትስማማም።»
«ካርቶን ልታስቀምጥበት?»
መሬት መሬት አየ። አባቱም ሲያፍሩ እንዲሁ ነበሩ።
ወረቀቱን ሳልፈርም አጥፌ መለስሁለት። ጭቃውን ረስቶት ሄደ። ዳሰስሁት። ጥሩ ጭቃ ነው፤ የተሰበረ ሸክላ ገል ተወቅጦ ቢገባበት እሳት ይችላል።
እጄን ታጠብሁ። ከእንግዲህ ጭቃ አልነካም።